ቀድሞ የተለወሰ ኩኪስ ለግንቦት ልደታ

(የመክፈቻ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

አቅራቢ፦ የቤት ሙያ ትምህርታዊ ዝግጅታችንን ይዘን ቀርበናል። የዛሬው ርእሳችን ኩኪስ ነው። ከኬክ ቤት በኪሎ የምንገዛውን አይደለም። ሊጡ ከበዓሉ ሁለት ሦስት ቀን ቀድሞ ተለውሶ፣ ተጠቅልሎ ፍሪጅ ውስጥ የሚያድረውን፣ በበዓሉ ጠዋት በቢላ እየተቆረጠ የሚጋገረውን ነው።

ጊዜውን የመረጥነው ግንቦት 1 እየደረሰ ስለሆነ ነው። የአዲስ አበባው ልደታ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ነውና፣ የግንቦት ልደታ ለዚህ ሰፈር ሰው ከሌላውም ይልቅ የራሱ በዓል ነው። እመቤታችን በሊባኖስ ተራራ ከቤት ውጭ ተወለደች የሚለውን ትውፊት ተከትሎ ጎረቤት ከየቤቱ ይወጣል። በየደጃፉና በየኮንዶሚኒየሙ ግቢ ንፍሮ ይቀርባል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ቡና ይፈላል። የንፍሮውን ቦታ የሚወስድ ነገር የለም፤ እኛም ይውሰድ አንልም። ኩኪሱ ከቡናው ጎን የሚቀመጥ፣ በተለይ ግቢውን ለሚሞሉት ልጆች የሚሆን ጭማሪ ነው።

እዚህ ላይ ደስ የሚል የባሕረ ሐሳብ ነገር አለ። ፋሲካ ከመጋቢት 26 ቀድሞ አይውልም፤ ከሚያዝያ 30ም አያልፍም። ስለዚህ ግንቦት 1 በየትኛውም ዓመት በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ይገባል። ረቡዕ ቢውል፣ ዓርብ ቢውል ጾም የለም። ለግንቦት ልደታ ኩኪስ በቅቤ ልሥራ ወይስ በዘይት ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም ማለት ነው። ለገናና ለሌሎች በዓላት ነገሩ ይለያል፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

(አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

አቅራቢ፦ ለምን አስቀድመን እንለውሳለን? የበዓል ሥራ የሚከመረው ዋዜማው ላይ ነው። ሽንኩርት ይከተፋል፣ ዶሮ ይበለታል፣ ድፎ ይጋገራል፣ ቤት ይጸዳል። በዚህ መሃል ዱቄት መዝኖ፣ ቅቤ መትቶ፣ ኩኪስ እጋግራለሁ የሚል ሰው ወይ ወጡን ያሳርራል፣ ወይ ኩኪሱን። ሥራን ማስቀደም ደግሞ ለእኛ ጓዳ አዲስ ነገር አይደለም። በርበሬው ከሳምንታት በፊት ይዘጋጃል፣ ቅቤው ይነጠራል፣ ጠላው ይጠነሰሳል። የኩኪስ ሊጥም ከእነዚህ ጋር ሊሰለፍ ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት መብራት ነው። የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል። የቤት ኦቨን ወደ 2,000 ዋት ገደማ ይጨምርበታል። ዋዜማ ማታ ሁለቱንም ከኤሌክትሪክ ምድጃው ጋር አንድ ላይ ካበራችሁ ብሬከሩ መውደቁ አይቀርም። መብራት ከነጭራሹ የጠፋ ዕለትማ የተጀመረው ሁሉ በእንጥልጥል ይቀራል። ሊጡ ተዘጋጅቶ ከቆየ ግን የኦቨኑ ማሞቂያ ጊዜ ተጨምሮ አንድ ትሪ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። መብራት በመጣበት፣ ምጣዱ ባረፈበት ሰዓት ትጋግራላችሁ። ሰዓቱን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ።

ይህ አሠራር በአሜሪካ በሰፊው የተለመደው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ፣ የበረዶ ሣጥንና ፍሪጅ ወደ ብዙ ቤቶች በገባበት ዘመን ነው። እዚያም የቤት እመቤቶች የወደዱት በዚሁ ምክንያት ነበር፤ ሊጡ ቀዝቃዛ ቦታ ይቆያል፣ እንግዳ ሲመጣ የሚፈለገው ያህል ብቻ ተቆርጦ ይጋገራል።

(ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ አሁን እርሳስና ወረቀት ያዙ። ለማስታወስ ቀላል ነው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላችሁ ያዙት። አንድ እጅ ስኳር፣ ሁለት እጅ ቅቤ፣ ሦስት እጅ የፉርኖ ዱቄት፤ ሁሉም በክብደት። 100 ግራም ስኳር፣ 200 ግራም ቅቤ፣ 300 ግራም ዱቄት ማለት ነው። ሩብ ኪሎ ቅቤ ገዝታችሁ ከሆነ ደግሞ ስኳሩ 125፣ ዱቄቱ 375 ግራም ይሆናል። በዚህ ላይ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ ጨምሩ። እንቁላል የለውም። ቤኪንግ ፓውደርም የለውም። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ ቤኪንግ ፓውደሩ የቀረበትን ምክንያት ስንደርስበት እንነግራችኋለን። ከ100፣ ከ200፣ ከ300ው ልክ ከ50 በላይ ኩኪስ ይወጣል።

ሚዛን ቤት ውስጥ ከሌለ ሰፈር ያለው ባለ ሱቅ ሚዛን አለው። ዱቄቱንና ስኳሩን እዚያው ለየብቻ በፌስታል አስመዝኑ። በብርጭቆ መስፈር አይመከርም፤ አንዷ ዱቄቱን ጠቅጥቃ፣ ሌላዋ ነስንሳ ስለምትሰፍር በአንድ ብርጭቆ ዱቄት ላይ ብቻ ልዩነቱ ብዙ ነው። ኩኪስ ደግሞ ከወጥ የሚለየው እሳት ላይ ከወጣ በኋላ የሚቃና ነገር ስለሌለው ነው።

ስለ እያንዳንዱ ግብዓት ጥቂት እንበል። ስኳራችን እህሉ ወፈር ያለ ነው። እንዳለ ከገባ በደንብ አይሟሟም፤ ሊጡም ሲቆረጥ ይፈረካከሳል። ስለዚህ በደረቅ የቡና መፍጫ ወይም በሙቀጫ አድቅቃችሁ በወንፊት ንፉት።

ቅቤን በተመለከተ በጣም የሚመቸው ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ ነው። ከዚህ ውስጥ 80 ከመቶ ያህሉ ስብ ሲሆን፣ የቀረው በአብዛኛው ውሃ ነው። የገበያ ለጋ ቅቤ የያዘው ውሃ ግን ከሻጭ ሻጭ ይለያያል። እሱን የምትጠቀሙ ከሆነ ያለምንም ቅመም አንጥሩት፣ አጥልሉት፣ እስኪረጋ አቀዝቅዙት። የተነጠረ ቅቤ ውሃ ስለሌለው በ200 ግራሙ ፋንታ 160 ግራም ይበቃል። በጎደለው ውሃ ምትክ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ወተት ጨምሩ፤ ያለዚያ ሊጡ አይያያዝም። ኮሰረትና በሶብላ የገባበትን የወጥ ቅቤ ግን ለወጡ ተዉት።

ዱቄቱን በተመለከተ ከ300 ግራሙ ላይ 60 ግራም ያህሉን በጤፍ ዱቄት ወይም በበሶ መተካት ይቻላል። በሶው ቀድሞ የተቆላ ገብስ ስለሆነ ጥሩ የቆሎ ሽታ ይሰጣል። ከዚያ በላይ ካደረጋችሁት ግን ኩኪሱ አይያያዝም።

(አጭር መሸጋገሪያ)

አቅራቢ፦ አሠራሩ እንዲህ ነው። ቅቤው ከፍሪጅ ወጥቶ ጣት ሲጫነው እስኪሰረጉድ ይለስልስ፤ አይቅለጥ። ከስኳሩ፣ ከጨውና ከኮረሪማው ጋር በእንጨት ማንኪያ ምቱት። አንድ ወጥ ሲሆን ይበቃል። ብዙ ከመታችሁት አየር ይገባበትና ኩኪሱ ቅርጹን ይለቃል። ከዚያ ዱቄቱን ነፍታችሁ በሁለት ጊዜ ጨምሩና ነጭ ዱቄት እስኪጠፋ ብቻ ለውሱ። እንደ ዳቦ ሊጥ ጉልበት ሰጥታችሁ አትሹት፤ የስንዴው ዱቄት ይጠናና ኩኪሱ ጥርስ ይፈትናል።

ሊጡን ለሁለት ክፈሉት። እያንዳንዱን ቅባት በማያሳልፍ ወረቀት ወይም በንጹሕ ስስ ላስቲክ ላይ አድርጋችሁ እያንከባለላችሁ ጠቅልሉ። ውፍረቱ 4 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ አንድ ስንዝር ያህል ይሁን። ውስጡ ክፍተት እንዳይኖር ጠበቅ አድርጉ። ሰሊጥ የምትወዱ ከሆነ ጥቅሉን ከመሸፈናችሁ በፊት በተቆላ ሰሊጥ ላይ አንከባልሉት፤ የሁመራ ነጭ ሰሊጥ ዙሪያውን ይዞ ሲቆረጥ ያምራል። ሌላኛውን ሊጥ ደግሞ ከመጠቅለላችሁ በፊት ለየት ማድረግ ይቻላል። የተፈቀፈቀ የብርቱካን ልጣጭ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ በጣም የላመ ቡና፣ ወይም አንድ እፍኝ የተቆላ ኦቾሎኒ አስገቡ። ኦቾሎኒው ግን ይድቀቅ። ትልልቅ ፍሬ ቢላው ሲነካው ሊጡን ይዞት ይወጣል።

አሁን ሊጡ ወደ ፍሪጅ ይገባል። ቢያንስ ሁለት ሰዓት፣ ቢቻል ሌሊቱን ይደር። ቅዝቃዜው የሚያስፈልገው ለመቁረጥ እንዲመች ብቻ አይደለም። ቅቤ ከ30 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ሲል ይቀልጣል። ለስላሳ ሊጥ ወደ ጋለ ኦቨን ከገባ ዱቄቱ ቅርጽ ሳይዝ ቅቤው ቀልጦ ይፈስሳል፤ ኩኪሱም ተንጣልሎ ጎረቤቱ ላይ ይጣበቃል። ቀዝቅዞ የገባ ሊጥ ግን ቅቤው እስኪቀልጥ ድረስ ጠርዙ መጥናት ይጀምራል። በተጨማሪ ሊጡ ሲያድር ዱቄቱ ያለውን እርጥበት በእኩል ይመጥጣል፤ የኮረሪማውም ሽታ ቅቤው ውስጥ ይሰርጻል። ያደረ ሊጥ ወዲያው ከተጋገረው የሚጣፍጠው ለዚህ ነው።

ስንት ጊዜ ይቆያል? በደንብ የተሸፈነ እንደሆነ ፍሪጅ ውስጥ ከሦስት እስከ አራት ቀን፣ ፍሪዘር ውስጥ ደግሞ ከሁለት እስከ ሦስት ወር። ሽፋኑ ሁለት እጥፍ ይሁን፤ ቅቤ የሽንኩርትና የነጭ ሽንኩርት ሽታ ቶሎ ይወስዳልና፣ በበዓል ሰሞን ደግሞ ፍሪጁ በሁለቱም የተሞላ ነው።

መብራት ቢጠፋስ? በሩ ካልተከፈተ ፍሪጅ ለ4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። የሞላ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሹ ባዶ የሆነ ደግሞ 24 ሰዓት ይቆያል። ስለዚህ ደጋግሞ ከፍቶ ማየት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። መብራት ሲመለስ ጥቅሉ ለስልሶ ግን ቀዝቃዛ ሆኖ ካገኛችሁት፣ መልሳችሁ አንከባልሉና አቀዝቅዙት። ሙሉ ቀን ሞቆ የዋለውን ግን አስወግዱት።

(ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ የመጋገሪያው ቀን ደረሰ። ኦቨኑን በ170 ዲግሪ አሙቁ። ጥቅሉን አውጡና ሹል ቢላ ይዛችሁ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር፣ የልጅ ጣት ውፍረት ባልበለጠ ልክ ቁረጡ። በየጥቂቱ ጥቅሉን ሩብ ዙር አዙሩት፤ ያለዚያ ከሥር ያለው ጎን ተደፍጥጦ ክቡ ይበላሻል። ሲቆረጥ ከተሰነጣጠቀ በጣም ቀዝቅዟል ማለት ነው፤ አምስት ደቂቃ ይቆይ። ቢላው ላይ ከተለጠፈ ደግሞ ሞቋልና ወደ ፍሪጅ ይመለስ። ከፍሪዘር የወጣ እንደሆነ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቁት።

ትሪው ላይ በሁለት ሳንቲ ሜትር ርቀት ደርድሩና ከ12 እስከ 14 ደቂቃ ጋግሩ። የምታዩት መሃሉን ሳይሆን ጠርዙን ነው፤ ጠርዙ ወርቃማ መልክ ሲይዝ ይውጣ። በዚያ ሰዓት ለስላሳ ነው፤ ያልበሰለ እንዳይመስላችሁ። ሲቀዘቅዝ ይጠናል። አምስት ደቂቃ ትሪው ላይ ተዉትና ከዚያ አንሱት። ሁለተኛውን ዙር የምትደረድሩበት ትሪ ደግሞ የቀዘቀዘ ይሁን፤ በጋለ ትሪ ላይ ቅቤው ኦቨን ሳይገባ ይቀልጣል።

የኦቨናችሁን ጠባይ የማታውቁ ከሆነ፣ ወይም ቁጥሩ ተፍቆ ከሆነ፣ መጀመሪያ ሁለት ፍሬ ብቻ ቆርጣችሁ ጋግሩ። ሁለቱ ካረሩ የቀረው ሁሉ ገና ፍሪጅ ውስጥ ነው። ይህ አሠራር ከሌሎች ኩኪሶች የሚበልጥበት አንዱ ጥቅም እዚህ ላይ ነው።

ኦቨን የሌላችሁም አትቅሩ። ወፍራምና ሰፊ ድስት ፈልጉ፤ ውስጡ ምግብ እንዳይዝ የተቀባ ዓይነት አይሁን፤ ባዶውን ሲግል ሽፋኑ ይጎዳልና። ከሥሩ ትንሽ የብረት ማስቀመጫ አድርጋችሁ ክዳኑን ከድናችሁ በመካከለኛ እሳት 10 ደቂቃ አሙቁት። ኩኪሱን በትንሽ ትሪ ማስቀመጫው ላይ አኑሩና እሳቱን ዝቅ አድርጋችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጋግሩ። ላዩ ነጣ ይላል፤ ሥሩ ግን ይቀላል። ስለዚህ አንዱን አንስታችሁ ሥሩን ተመልከቱ።

(አጭር መሸጋገሪያ)

አቅራቢ፦ ቤኪንግ ፓውደር ያላስገባንበትን ምክንያት እንንገራችሁ ብለን ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ነው። ለመጋገር ይህ ሁለት ነገር ያመጣል። አንደኛ፣ ውሃው ፈጥኖ ይተናል፤ የስኳሩ መጠን ከውሃው ጋር ሲነጻጸር ይበዛና ሊጡ ይንጣለላል። ሁለተኛ፣ ከቤኪንግ ፓውደር የሚወጣው ጋዝ የሚገፋው አየር ቀላል ስለሆነ ከልክ በላይ ይነፋል፤ ቀጥሎም ይሟሽሻል። በባሕር ዳርቻ ከተማ የተጻፈ ልክ እዚህ የሚበላሸው በዚህ ምክንያት እንጂ በጋጋሪዋ እጅ አይደለም። ማንሻ የሌለውና ስኳሩ የቀነሰ የእኛ ሊጥ ከፍታው ብዙም አይነካውም። ከውጭ የመጣ ልክ መሞከር የምትፈልጉ ግን በአንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ላይ ሩቡን ቀንሱ፤ ስኳሩንም ጥቂት አጉድሉለት።

አሁን ወደ ጾሙ እንሂድ። የገና ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ በዓሉ ዋዜማ ይዘልቃል። በእነዚህ ቀናት ለቡና የሚሆን የጾም ኩኪስ ለመሥራት ቅቤውን በአትክልት ማርጋሪን ተኩት። ሁለት ነገር አስተውሉ። ጽሑፉን አንብቡ፤ አንዳንዱ ማርጋሪን የወተት ውጤት ይገባበታል። ደግሞም ደረቅ ያለውን ምረጡ፤ ለዳቦ መቀቢያ የሚሸጠው ለስላሳ ዓይነት ውሃው ስለሚበዛ ፍሪጅ ውስጥም አይጠናም። ፈሳሽ ዘይት ለዚህ አሠራር አይሆንም፤ ስለማይረጋ ጥቅሉ አይቆረጥም።

ለገና ቀን የሚሆነውን የቅቤ ሊጥ ደግሞ በጾሙ የመጨረሻ ቀናት ትለውሳላችሁ፤ ሳትቀምሱት ማለት ነው። ጿሚዋ ዶሮ ወጡን በሽታና በዓይን እንደምትሠራው ሁሉ ይህንንም ትችለዋለች፤ መዝናችሁ ከገባችሁበት ምላስ የሚጨምርላችሁ ነገር የለም። እንዲያውም ጿሚም ባይሆን ጥሬ ሊጥ መቅመስ አይመከርም። እንቁላል ባይኖረውም ጥሬ ዱቄት ራሱ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላልና ልጆች ሳህኑን እንዳይልሱ ጠብቁ።

ለዒድ ለምታዘጋጁ እናቶችና እህቶችም ልኩ ያው ነው። ግብፆች ለዒድ አል ፈጥር የሚጋግሩት ካሕክም የዱቄት፣ የቅቤና የስኳር ነገር ነው። በአንድ ፎቅ ላይ ለሚኖሩ የሁለት እምነት ጎረቤቶች በየበዓሉ ለመላላክ ሥጋ የሌለበት እንዲህ ያለ ነገር ይመቻል።

(ሙዚቃ ከሥር ይገባል)

አቅራቢ፦ እንግዲህ ለግንቦት ልደታ የጊዜ ሰሌዳችሁ ይህ ነው። ሚያዝያ 28 ግብዓቱን ገዝታችሁ አስመዝኑ። ያኑ ዕለት ማታ ለውሳችሁ ጠቅልሉ፤ ሥራው ከአርባ ደቂቃ አይበልጥም። ሚያዝያ 29 እና 30 ኩኪሱን እርሱት፤ ቀኑ ለስንዴውና ለባቄላው፣ ለድፎውም ይሁን። ግንቦት 1 ጠዋት፣ ምጣዱ በማይሠራበት ሰዓት ቆርጣችሁ ጋግሩ። አንዱን ጥቅል ብቻ መጋገርም ይቻላል፤ ሌላው ፍሪዘር ገብቶ ለሌላ እንግዳ ይቆያል። የተጋገረው ከተረፈ ደግሞ በደንብ ቀዝቅዞ በሚጠብቅ ቆርቆሮ ቢቀመጥ ከሳምንት በላይ አይበላሽም። ሞቆ ከተከደነ ግን ላብ ይይዘውና ይለሰልሳል።

ዘግይታችሁ የከፈታችሁ ልኩን እንድገመው። 100 ግራም የደቀቀ ስኳር፣ 200 ግራም ቅቤ፣ 300 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ። ቢያንስ ሁለት ሰዓት ፍሪጅ፣ ከዚያ በ170 ዲግሪ ከ12 እስከ 14 ደቂቃ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ ግማሹን ብቻ ሥሩ፤ 50፣ 100፣ 150 ማለት ነው።

መልካም የግንቦት ልደታ በዓል ይሁንላችሁ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)